ቃል ለቅሞ ምስል የሚቆርጥ

አዲጋላ የባቡር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው የድሮው ሐዲድ አልፎባታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም እዚያ ጣቢያ አለው። እንበልና አንድ ሰው ያንን የድሮ ባቡር የሚያስታውሱ አዛውንቶችን በስልኩ ቀርጾ የብዙ ሰዓት ወግ ይዟል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ባቡሩ መድረሱ የተነሳበትን ብቻ ለይቶ አንድ ላይ መቀጠል ቢፈልግ፣ ሁሉንም መስማት፣ ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ደቂቃውን ወረቀት ላይ መያዝ አለበት። ኤዲት ያደረገ ሁሉ ይህን ድካም ያውቀዋል።

አሜሪካዊው አርቲስት ሳም ላቪን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ቪዲዮግሬፕ ይህን ድካም የሚያቀልል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ነው። ከቪዲዮው ጎን የተቀመጠውን የንግግር ጽሑፍ ያነባል፤ የተፈለገው ቃል ያለበትን መስመር ያገኛል፤ መስመሩ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት ይዞ ቁራጩን ያወጣና ከሌሎቹ ጋር ይቀጥለዋል። ፍለጋው ሁሉ የሚካሄደው ጽሑፉ ላይ ነው፤ ምስሉ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ግን ጠርዙ ላይ ያለው ጥንቃቄ ነው። ቃሉ በሚጀምርበት ቅጽበት ልክ ላይ ከተቆረጠ የመጀመሪያው ድምፅ ይጎዳል፤ «ደረሰ» ያሉት አዛውንት «ረሰ» ያሉ ይመስላሉ። ስለዚህ ላቪን በሁለቱም ጫፍ የሰከንድ ሽራፊ መጨመሪያ አበጅቷል። ያለቀ ቪዲዮ ለማይፈልግም ቁርጥራጩ እንደ ፕሪሚየር ወይም ፋይናል ከት ባሉ የኤዲት ፕሮግራሞች የሚከፈት ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ለቅሞ ሲጨርስ ኤዲተሩ በጆሮው ያስተካክላል። ይህ የሙያውን ልክ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

በአማርኛ ሲሞከር ሥራው ይበልጥ ያምራል። «ደረሰ» ብሎ መፈለግ ብቻውን አይበቃም፤ ፊደሉ ስለሚለወጥ «ይደርሳል»፣ «ሲደርስ»፣ «ደርሷል» ሁሉ ያመልጣሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ በቃል ፈንታ የፊደል ወሰን ይቀበላል፤ የእኛ ፊደላት ደግሞ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በየቤታቸው ተሰልፈዋል። ከደ እስከ ዶ፣ ቀጥሎ ከረ እስከ ሮ፣ ቀጥሎ ከሰ እስከ ሷ ብሎ ማዘዝ ሁሉንም ያመጣቸዋል። ሶ ላይ ከቆመ «ደርሷል» ይቀራል። «ደራሽ» በሸ ቤት ስለገባ አይያዝም፤ «ደራሲ» ግን ሳይጠራ ይመጣል፤ እሱን ሰው ያወጣዋል።

ሌላም መታደል አለን። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ተናጋሪው «ደረሰ» ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ትንፋሹን ይወስዳል፤ መቁረጫው የሚያርፈው እዚያች ዝምታ ላይ ስለሆነ ቀጣዩ ሰው ሲገባ አይጋጭም።

አዲጋላ ላይ ወጉ በብዛት የሚፈስሰው በሶማልኛ ነው። እዚያም ሌላ ውበት አለ፦ «መጣ» «ይሚድ»፣ «መጣች» «ቲሚድ»፣ «መጣን» «ኒሚድ» ነው። የሚለወጠው መነሻው ብቻ ስለሆነ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የጋራ ጭራቸውን መፈለግ ሦስቱንም ይይዛል።

ከባዱ ጽሑፉን ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ዊስፐር አማርኛንም ሶማልኛንም በዝርዝሩ ይዟል፤ አማርኛው ላይ ግን ስህተቱ ብዙ ስለሆነ ለአሁኑ ሰው ቁጭ ብሎ ቢጽፈው ይሻላል። የሚጽፈውም ሰው ራሱ ኤዲተር መሆኑን ይወቅ፤ በእጅ በተጻፈ ጽሑፍ ፕሮግራሙ የሚቆርጠው በመስመር ስለሆነ፣ መስመሩን አዛውንቱ በተነፈሱበት ሁሉ ይስበር።