የሚያመው ቦታ ላይ ብቻ

አዳማ ላይ ከባጃጅ ወድቆ ጎኑን የተመታ ሰው ቀኑን እንደምንም ይችለዋል፤ ጭንቁ ሌሊት ነው። መገላበጡ፣ ማሳሉ፣ አየር መሳቡ ሁሉ ይወጋዋል። ለእንዲህ ያለው አንድ ቦታ ለያዘ ሕመም ሐኪም የሚያዝዘውን የሊዶኬይን ፕላስተር ከልቤ አደንቃለሁ።

ሊዶኬይንን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት ስዊድናውያኑ ኒልስ ሎፍግሬን እና ቤንግት ሉንድክቪስት ናቸው። ሉንድክቪስት በገዛ አካሉ ላይ ሞክሮታል፤ ዛሬ ጥርስ ሲነቀል ድዳችንን የሚያደነዝዘውም ይኸው መድኃኒት ነው። ባለ 5 በመቶው ፕላስተር አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈቀደው አልማዝ ባለጭራ ትቶት ለሚሄደው ሕመም ነበር። ለአደጋ ጉዳት ማዘዙ የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ሁሉንም ሰውም እኩል አይረዳም።

የምወድለት ልኩን ማወቁን ነው። የተለጠፈበትን ቦታ ነርቮች ያረጋጋል እንጂ እንደ ብዙዎቹ ኪኒኖች ጨጓራ አይልጥም፣ አያፈዝም፤ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ለ12 ሰዓት ይለጠፋል፣ ለ12 ሰዓት ይነሣል። የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ ግን ፈጽሞ አይደረግም።

ለስምጥ ሸለቆ ሰው አንድ ነገር ላጥብቅ። በአዳማ ሙቀት ላብ ጠርዙን ያላቅቀዋል፤ ቆዳን አድርቆ መለጠፍ ይበጃል። ሶደሬ ፍል ውኃ የሚገባ አስቀድሞ ያንሣው፤ ሙቀት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይጨምራል። በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የመጣም ቢሆን ሐኪም ሳያይ አይለጠፍ። ከተነሣ በኋላም ብዙ መድኃኒት ስለሚቀርበት፣ የሚጣበቀው ወገን ወደ ውስጥ ታጥፎ ልጆች በማይደርሱበት ይጣል።