«መስዋዕትነት ከፈለ» ስንል

በአማርኛ ስለ ወታደር ጀግንነት የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቷል። የአርበኞች ገድል አለ፤ የኮሪያ ዘማቾች ታሪክ አለ፤ ከ1983 ወዲህ ደግሞ የቀድሞው ሠራዊት መኮንኖች ማስታወሻ በላይ በላዩ ታትሟል። ከዚህ ሁሉ ሦስት መጻሕፍት ብቻ መርጬ የማነሳው በአንድ አገር ስለሚገናኙ ነው። አገሩ ኢሉባቦር ነው። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ («ካየሁት ከማስታውሰው»፣ 2002) እና ሐዲስ ዓለማየሁ («ትዝታ»፣ 1985) የጣልያንን ወረራ የመጨረሻ ወራት ያሳለፉት ጎሬ ላይና ከጎሬ በሚወጣው መንገድ ነበር። የ«ኦሮማይ» ደራሲ በዓሉ ግርማ ደግሞ የተወለደው ለዳሪሙ ሰው ሩቅ ባልሆነችው በሱጴ ነው።

ሌላም የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ሦስቱም የሽንፈት መጻሕፍት ናቸው።

ድል የተገኘበት ጦርነት ለጸሐፊ ይመቻል። ድሉን ከመጨረሻው ገጽ ያመጣና በየሬሳው ላይ ያለብሰዋል። ሽንፈት ግን ይህን ልብስ ይነፍጋል። ሰውየው ጀግና ነበር፤ ተራራው ግን አልተያዘም። ታዲያ ጀግንነቱን ምን እናድርገው?

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ። «መስዋዕትነት ከፈለ» እንላለን፤ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ይለዋል። ነገር ግን መስዋዕት የሚቀርብ እንጂ የሚከፍል አይደለም። በጉ ዕዳ የለበትም፤ በጉን ጎትቶ ያመጣ ሌላ ሰው አለ። «ከፈለ» የሚለው ግሥ ሲገባ ያ አቅራቢ ከዓረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ ወታደሩ ራሱ ባለዕዳ፣ ራሱ ከፋይ ሆኖ ይቀራል። ደካማ የጦር ሜዳ መጽሐፍ በዚህ ግሥ ተደግፎ ይቆማል። ደህናው ግን አቅራቢውን ይፈልጋል።

ራስ እምሩ አቅራቢው ራሳቸው ነበሩ፤ የመጽሐፋቸው ክብደት ከዚህ ይመጣል። በሽሬ ግንባር ጦር መርተዋል። ስለ መርዝ ጋዙ የሰጡት ምስክርነት በውጭ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ከአገር ሲወጡ እንደራሴነቱ ለእሳቸው ቀረ፤ መንግሥት የሚባለውም ጎሬ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ክረምት መግቢያ፣ በሰኔ፣ ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት ወጣቶች፣ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው የጥቁር አንበሳ ማኅበር፣ ኋላ ከራሱ ጋር ተቀላቀለ። ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ነገሩ አለቀ፤ ራስ እምሩ እጅ ሰጡ። የገድል መጻሕፍታችን እጅ መስጠትን አይወዱም፤ እንደ ነውር ዘለው ያልፉታል። እኔ ግን አንድ የጦር አዛዥ ከዚህ በኋላ የሰው ነፍስ አላቀርብም የሚልበትን ሰዓት ከማንኛውም የመትረየስ ውሎ አስበልጬ አነባለሁ።

ሐዲስ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ወጣት ነበሩ፤ አብረው ተማርከው ወደ ጣልያን ደሴቶች ተጋዙ። የ«ትዝታ» ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ልዑሉ ከላይ ያዩትን ጦርነት ሐዲስ ከመሐል ያዩታል። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ማንበብ ነው። በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰጠን ብዕር ጦርነት ሲጽፍ ያለ ፉከራ መጻፉ ሊያስገርመን አይገባም።

የመቱ ወይም የዳሪሙ አንባቢ ግን አንድ ጥያቄ ይቀርበታል፤ እውነቱን ነው። በ1928 በምዕራቡ አገር ሁሉም ከጎሬው መንግሥት ጎን አልቆመም። የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች ጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት ጠይቀው ነበር። አብዛኛው የገድል ጽሑፍ ይህን «ክህደት» በምትል አንዲት ቃል ያልፈዋል። ለምን ጠየቁ? ከዚያ በፊት የነበረው አገዛዝ ምን አድርሶባቸው ነበር? መንገድ መሪው፣ ስንቅ አቅራቢው፣ በሁለት ጦር መካከል የቆመው ባላገር ድፍረቱ የት ተጻፈ? ጀግንነትን በአንድ ወገን ብቻ የሚቆጥር መጽሐፍ ሒሳቡ ጎደሎ ነው።

በዓሉ ይህን ጎደሎ በሌላ በኩል ገብቶበታል። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲከፈት አስመራ ሄዷል፤ ሥራውም የመንግሥትን ቃል ማሰማት ነበር። በ1975 የታተመው «ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይም ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ነው፤ የፕሮፓጋንዳ ሰው። የልብ ወለዱ ብልሃት እዚህ አለ። ስለ ጀግንነት የሚነግረን ሰው ጀግንነትን ለማወጅ ደመወዝ የሚከፈለው ነውና፣ ናቅፋ ሥር ሲደርስና ወታደሩ ሲረግፍ ሲያይ የተዘጋጀው ቃል አፉ ውስጥ ይደርቃል። የወታደሩ ድፍረት አልቀነሰም፤ ያነሰው አዋጁ ነው። ስለ ፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ብዙ ተብሏል፤ ለእኔ ከፍቅሩ ታሪክ ይልቅ ይህ መድረቅ ይበልጣል።

ነቀፌታ የለብኝም ማለት አይደለም። የመጽሐፉ ወታደር በአብዛኛው ከጋዜጠኛው ትከሻ በላይ የሚታይ ወታደር ነው። መኮንኖቹ ስም፣ ጠባይና ቀልድ አላቸው፤ ተራው እግረኛ ግን ይመጣል፣ ይወጣል፣ ይወድቃል። ከየት መንደር እንደመጣ፣ ቡናውን ማን እንደሚለቅምለት አናውቅም። የሱጴ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ የመረጠው የታሪክ ነጋሪ ከሆቴልና ከቢሮ የማይርቅ በመሆኑ ነው።

በዓሉ በመጽሐፉ ምክንያት ከሥራው ተባረረ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ስለ እሱ ሲነገር «መስዋዕትነት ከፈለ» ከማለት ይልቅ «ማን ወሰደው?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቀድማል። ስለ ናቅፋው እግረኛ ግን ይህን ያህል የጠየቀ የለም።

የመኮንኖቹ ማስታወሻዎች በዚህ በኩል ብዙ አይረዱንም። ጠቃሚ ናቸው፤ የቦታና የቀን ዕውቀታቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቹ ጦርነቱን ማን አሸነፈ ከማለት ይልቅ ማን አስሸነፈ በሚል ክርክር የተጠመዱ ናቸው፤ የወታደሩ ጀግንነት ለባለ ማስታወሻው የመከላከያ ምስክር ሆኖ ይጠራል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ስለተካሄደው የሰሜን ጦርነት የሚወጡት አዳዲስ መጻሕፍትም በዚያው መንገድ እንዳይሄዱ ያሰጋል። እስካሁን የምጠብቀው፣ በ1975 በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከአንድ የኢሉባቦር መንደር ተመልምሎ፣ ሰሜን ደርሶ፣ በ1983 በእግሩ የተመለሰ ሰው በራሱ አፍ የሚተርከውን መጽሐፍ ነው። ያ ትውልድ ዛሬ ስልሳዎቹን እያገባደደ ነው።