ሞተር የሚያወርድ፣ ክላች የሚፈራ መጽሐፍ

የሄይንስ የጥገና መጽሐፎች ደፋሮች ናቸው። ብሎን ፈትቶ የማያውቅ ሰው ይዘው ፍሬን ያስቀይሩታል፣ ካምቢዮ ያስወርዱታል፣ አልፎ ተርፎም ሞተር በጭነት መጎተቻ አንጠልጥሎ እንዲያወጣ ያበረታቱታል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 የተሠሩትን የፎርድ ኤፍ 150 ፒክአፖች የሚሸፍነው ቅጽም ከዚህ ልማድ አይወጣም። እኔ የማተኩረው ግን መጽሐፉ በፈራበት ቦታ ላይ ነው፤ ይኸውም በሦስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ፣ የኤሲው ኮምፕሬሰር ክላች አልይዝ ሲል ባለመኪናው ምን ማድረግ እንደሚችል ሊነግረው በሚገባው ክፍል።

ፍርሃቱ የሚገርመው ከመጽሐፎቹ አነሳስ ጋር ሲተያይ ነው። ጆን ሄይንስ በ1956 ገና ተማሪ ሳለ አንድ ኦስቲን 7 ወደ ስፖርት መኪና እንዴት እንደሚለወጥ የሚያስረዳ ትንሽ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ሸጠ። በ1965 የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ ሆኖ ኤደን ሲያገለግል፣ አንድ ጓደኛው አሮጌ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት ሲያድስ አገዘው። የፋብሪካው መመሪያ ለተራ ባለመኪና እንዳልተጻፈ ያየው ያኔ ነው። ካሜራ ይዞ መኪናው ሲፈታና ሲገጠም በየደረጃው ፎቶ አነሳ፤ የመጀመሪያው የሄይንስ የጥገና መጽሐፍም በ1966 ታተመ። ከጅቡቲ ማዶ በኤደን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት መካከል የተጸነሰ ሐሳብ፣ ነገሩ ማቀዝቀዣ ላይ ሲደርስ አንደበቱ መያዙ ትንሽ ያስቃል።

ክላቹ ራሱ የተወሳሰበ ዕቃ አይደለም። ቺንጊያው የሚያሽከረክረው ፑሌጃ፣ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ኤሲ ተከፈተም ተዘጋ በኩሽኔታው ላይ ሲዞር ይውላል። ከኋላው የተቀመጠው ቦቢና ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ከፊት ያለውን የብረት ሳህን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል። ሳህኑ ከኮምፕሬሰሩ ዘንግ ጋር ስለታሰረ ኮምፕሬሰሩ አብሮ ይዞራል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሳህኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። በኤፍ 150 ላይ ይህ የሚሆነው ሹፌሩ ኤሲ ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ አይደለም። የማቀዝቀዣው ጋዝ ግፊት ሲወርድ የግፊት ስዊቹ ክላቹን ያስለቅቀዋል፣ ግፊቱ ሲመለስ መልሶ ያስይዘዋል፤ ቅዝቃዜው የሚመጠነውም በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ጋዙ ቀስ እያለ የሚያፈስ መኪና ክላቹን ያለ ዕረፍት ያስይዛል፣ ያስለቅቃል። ሳህኑ በየጊዜው ይጋጋጣል፣ ይግላል፣ ይበላል። ብዙ ክላች የሚሞተው በራሱ በሽታ ሳይሆን በጋዝ ማነስ ነው።

መጽሐፉ ፍተሻውን በወጉ ይጀምራል። ሞተር አስነሳ፣ ኤሲውን ጨርሰህ ክፈት፣ ክላቹ መያዙን ተመልከት፣ ቱቦዎቹን በእጅህ ዳስስ፣ ቴርሞሜትር በአየር መውጫው ውስጥ ክተት ይላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አካሄድ አላውቅም። ክላቹ ካልያዘስ? እዚህ ላይ መንገዱ ይቋረጣል። አንባቢው ገጾቹን ሲገልጥ የሚያገኘው ኮምፕሬሰሩን በሙሉ ስለማውጣትና ስለመመለስ ነው፤ ክላቹን ለብቻው ስለመፍታት ራሱን የቻለ ክፍል አልተሰጠውም።

በዚህ ዝምታ ምክንያት አንባቢው የሚያጣው ትልቁ ነገር ስለ ክፍተቱ ያለው ዕውቀት ነው። በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ክፍተት አለ። ሳህኑ በተበላ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ቦቢናው ቀዝቃዛ ሲሆን የሰፋውን ክፍተት አሸንፎ ሳህኑን ይስባል። ሲግል ግን የመዳብ ሽቦው ተቃውሞ ይጨምራል፤ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢወጣ ተቃውሞው 40 በመቶ ገደማ ያድጋል። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፣ የማግኔቱ ጉልበትም ይደክማል። ስለዚህ ጠዋት ሲቀዘቅዝ የነበረው ኤሲ እኩለ ቀን ላይ ትራፊክ ውስጥ ሞቃት አየር ይነፋል፣ ማታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል። ባለመኪናው ጋዝ ያነሰ መስሎት ቆርቆሮ ገዝቶ ይጨምራል። ሲያልፍም ግፊቱን ከልክ በላይ አድርሶ ሌላ ብልሽት ይጋብዛል።

ምርመራው የደቂቃ ሥራ ነበር። ክላቹ እንቢ ባለበት ሰዓት፣ ለቦቢናው ኤሌክትሪክ መድረሱ ከታወቀ በኋላ፣ ከቺንጊያውና ከማራገቢያው ርቆ በረጅም እንጨት ሳህኑን ገፋ ማድረግ ነው። ተጣብቆ ከቀረ ጥፋቱ የክፍተቱ ነው። ከዚያ ሞተር ይጠፋል፣ የመሃሉ ብሎን ይፈታል፣ ሳህኑ ይወጣል፣ ከኋላው ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዷ ትነሳለች፣ ክፍተቱ ተለክቶ ይታሰራል። የጋዙ ቱቦ አልተነካም። አዲስ ዕቃም አልተገዛም። ሞተር ስለማውረድ ለመጻፍ ያልሰነፈ መጽሐፍ ይህን መዝለሉ የቦታ ጥበት ነው ብዬ ላልፈው አልችልም።

ጋዙን በተመለከተ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን ልክ ነው፤ ይህን ሳልመሰክርለት ማለፍ አይገባም። የመኪናው ኤሲ ጋዝ፣ አር 134ኤ፣ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ስለሆነ ዓይን ላይ ቢፈናጠቅ ሊያሳውር፣ ቆዳም በብርድ ሊያቃጥል ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ክልክል ነው፤ ለክፍያ የሚሠራ ጋራዥም የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ያስፈልገዋል። የእኔ ቅሬታ የሚነሳው ከዚሁ ከእውነቱ ነው። ጋዙ ለአንባቢ አደገኛ ከሆነ፣ ጋዙን ሳይነካ የሚሠራውን ሥራ ነጥሎ ማሳየት ይገባ ነበር። መጽሐፉ ሁለቱን በአንድ አስሮ ኮምፕሬሰር ወደ ማውረድ ሲመራው፣ ባለመኪናው ጋዝ ለማስመጠጥ፣ ቫኪዩም ለማሠራትና እንደገና ለማስሞላት ጋራዥ መሄዱ አይቀርም። ጥንቃቄው የጀመረው አንባቢውን ለማዳን ነበር፤ ያለቀው ግን ኪሱን በማራገፍ ነው።

ኮምፕሬሰሩን በሙሉ መቀየር ትክክል የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ሞተር ጠፍቶ ሳህኑ በእጅ ሲዞር መጠነኛ ክብደት እንጂ እንቅፋት ሊሰማ አይገባም። ጨርሶ ካልዞረ ወይም አሸዋ ያለበት ያህል ካንገራገረ ኮምፕሬሰሩ ነክሷል፤ አዲስ ክላች ቢገጠምለት እሱንም ያቃጥለዋል። ከሳህኑ ኋላ ዘይት ከታየ የዘንጉ ጎሚኒ አልቋል። ቦቢና መቀየርም ሌላ ጣጣ ነው፤ በፎርዱ ኮምፕሬሰር ላይ ቦቢናው በኃይል ተገፍቶ የሚገባ ስለሆነ ልዩ መጎተቻ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ለመጽሐፉ ጥሩ መከላከያ በሆኑት ነበር፣ ጽፏቸው ቢሆን ኖሮ።

ከሁሉ የከበደኝ የኩሽኔታው ጉዳይ ነው። ፑሌጃው ሁልጊዜ ስለሚዞር ኤሲው ተዘግቶም ኩሽኔታው ያልቃል። መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ያጓራል፣ በመጨረሻ ይነክሳል። ሲነክስ ቺንጊያውን ይበጥሳል። በዚህ መኪና ላይ ያችው አንዲት ቺንጊያ የውሃ ፓምፑን፣ ዲናሞውንና የመሪውን ፓምፕ ስለምታዞር ፒክአፑ መንገድ ላይ ይቆማል። «ኤሲ የቅንጦት ነው፣ ክረምት እስኪመጣ እታገሣለሁ» የሚል ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የክላች ብልሽት በምቾት ምዕራፍ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር ይህን የሚነግረው አያገኝም።

የፎርድ የራሱ የአገልግሎት መመሪያ የክፍተቱን ልክ ይሰጣል፣ መጎተቻውንም በቁጥሩ ይጠራል። ጉድለቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ መሣሪያው ሁሉ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለለት የፎርድ መካኒክ ተጽፏል፣ ያለ ልምድ ለሚያነበው አይራራም። ሄይንስ የተፈጠረው ይህንኑ ለማቃለል ነበርና በሁለቱ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ የሄይንስ ዕዳ ነው።

ዳላስ ወይም ሂውስተን ውስጥ ያገለገለ ኤፍ 150 ገዝቶ ሐምሌን የሚያልፍ ያገሬ ሰው ይህ ባዶ ቦታ በቀጥታ ይመለከተዋል። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የመኪና ዕቃ እየገዛ፣ ያለቀ ኩሽኔታ ብቻውን አስቀይሮ፣ የተቃጠለ ቦቢና አስጠምጥሞ ያደገ መካኒክ «ኮምፕሬሰሩን በሙሉ ቀይር» የሚለውን ምክር በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ጥርጣሬው ሁልጊዜ ትክክል ነው አልልም፤ አሜሪካ የሠራተኛ ዋጋ ሲታሰብ ሙሉውን መቀየር የሚረክስበት ጊዜ አለ። ለራሱ በራሱ ግቢ የሚሠራ ሰው ግን ያ ሒሳብ አይመለከተውም፤ ሄይንስ የሚጽፈው ደግሞ ለእሱ ነው።

መጽሐፉን አትግዙ አልልም። ለክላቹ ተብሎ ከሆነ ግን ሦስተኛውን ምዕራፍ ትታችሁ በአሥራ ሁለተኛው፣ በኤሌክትሪኩ ጀምሩ። መጨረሻው ላይ ያሉት የሽቦ ሥዕሎች ከፊውዙ ተነስተው በሪሌው፣ በግፊት ስዊቹ አድርገው ክላቹ ድረስ ያደርሷችኋል። ሥዕሉን በአንድ እጅ፣ ቴስተሩን በሌላው ይዛችሁ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት መኖሩን እዩ። ከሌለ ክላቹ ንጹሕ ነው፤ ጋዝ አንሶ ስዊቹ ከልክሎት ሊሆን ይችላል። ቮልቱ ካለ ሶኬቱን ነቅላችሁ የቦቢናውን ተቃውሞ ለኩ። ከ3 እስከ 5 ኦም ካነበበ ሽቦው ደህና ነው፣ ወደ ክፍተቱ ሂዱ። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል።