አቮካዶና መድኃኒትነቱ

በከተማችን ጭማቂ ቤቶች ግድግዳ ላይ ስለ አቮካዶ የሚለጠፈውን ያነበበ ሰው፥ ይህ ፍሬ ልብን የሚጠግን፥ የደም ግፊትን የሚያወርድ፥ ቦርጭንም የሚያጠፋ መድኃኒት ይመስለዋል። የሚባለው ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እውነቱና ግነቱ እንደ ስፕሪስ በአንድ ብርጭቆ ተደራርበው ስለሚቀርቡ ለይቶ መመልከት ይገባል።

እውነቱን እናስቀድም። 100 ግራም አቮካዶ 15 ግራም ያህል ስብና 7 ግራም ያህል አሰር አለው። ስቡ በአብዛኛው በወይራ ዘይት ውስጥ እንደሚገኘው ያለ ነው፤ ፖታሲየሙም ከሙዝ ይበልጣል። ስለዚህ በቅቤ ፈንታ አቮካዶ ዳቦው ላይ የሚቀባ ሰው አልተሳሳተም።

ከዚህ ወዲያ ግን ወሬው ማስረጃውን ይቀድመዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ ሁለት ጥናቶች ታትመዋል። በመጀመሪያው፥ ከ110,000 የሚበልጡ ሰዎች 30 ዓመት ያህል ሲከታተሏቸው፥ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ አቮካዶ የሚበሉት በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ16 በመቶ አንሶ ተገኘ። ግድግዳው የሚወደው ይህን ቍጥር ነው። ዳሩ ግን አቮካዶ የሚያዘወትር ሰው ሌላውንም ምግቡን መርጦ የሚበላ ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ቢሞክሩም፥ በመከታተል ብቻ ፍሬው ራሱ ምክንያት መሆኑ አይረጋገጥም።

ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ያስተምራል። ወገባቸው የሰፋ 1,000 ያህል ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ 6 ወር ሙሉ በየቀኑ አንድ አቮካዶ በሉ። የሆድ ውስጥ ስባቸው ካልበሉት አልተለየም፤ ክብደታቸውም እንዲሁ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በዴሲሊትር 2.5 ሚሊግራም ያህል ብቻ ቀነሰ። የጥናቱን ገንዘብ የሰጠው የአሜሪካው ሐስ አቮካዶ ቦርድ ነበርና፥ ለነጋዴው የማይመቸው ውጤት መታተሙ ያስመሰግናል።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም ስኳር ነው። የተጠኑት ሰዎች የበሉት ፍሬውን እንጂ ስኳርና ሽሮፕ የፈሰሰበትን ጭማቂ አይደለም። ኩላሊቱ ለደከመና ሐኪም ፖታሲየም ቀንስ ላለው ሰውማ፥ ያ የተመሰገነው ፖታሲየም ራሱ አደጋ ነው። ግድግዳው ስለዚህ ዝም ይላል።

ነገሩን ለመመርመር ያነሣሣን የአንዳችን አክስት ናቸው። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ትተው ጧት ጧት አቮካዶ ብቻ ሲበሉ ሰንብተው አገኘናቸው። ወደ ሐኪማቸው እንዲመለሱ ለማግባባት ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ አቮካዶውን ግን ይተዉ አላልናቸውም።