ሁለት ዛላ ገብስ፣ አንድ የደላንታ ኦፓል

ሰው ቀለበት ሊያስር ሲነሳ ወርቅ ቤት ይገባና መስታወቱ ላይ ተደግፎ «እስቲ ያንን አሳየኝ፤ የለም፣ ከጎኑ ያለውን» ይላል። እኛም እንደዚያው ልናደርግ ነበር። በመሃል አንድ አንጥረኛ አገኘንና ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም። ሰርግ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ «ቀለበት አትግዙ፣ አሠሩ!» እላለሁ። ለቅሶ ቤቱ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ሰውየው ዕድሜውን የጨረሰው ፒያሳ፣ ወርቅ ቤቶች ጓዳ ውስጥ ነው። ከፊት ያለውን የሚብለጨለጭ መስኮት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከጀርባ ያለውን የእሳትና የሞረድ ክፍል ገብቶ ያየ ግን ስንቱ ነው? አሁን የራሱ ጠባብ ክፍል አለው። መዶሻ የበሳሳው ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ሚዛን፣ ብናኝ ወርቅ መሬት ላይ እንዳይቀር ጉልበቱ ላይ የሚዘረጋው ቆዳ፤ በቃ። ካታሎግ የለውም። «ጋሼ፣ ናሙና የለዎትም እንዴ?» ብለው «መጀመሪያ እጅሽን አምጪ፣ የኔ ልጅ» አለኝ።

እጄን ገልብጦ አየው። በየትኛው እጄ እንደምጽፍ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላውን እንዴት እንደምይዝ፣ ሹራብ ሳወልቅ ቀለበት ይይዘኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። የመጣሁት ስለ ካራት ልንከራከር መስሎኝ ነበር! ጣቴን ሲለካ ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሙቀትና ብርድ ልኩን እንደሚለውጡት ነግሮ ሌላ ቀን መልሶ ለካኝ። አንድ ሰው ለጣቴ ይህን ያህል ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም። እጮኛዬ ይህን ሲያነብ እንዳይቀየመኝ።

ንድፉ የመጣው ግን ከእጮኛዬ ነው። የታሪክ መምህር ስለሆነ የአክሱም ሳንቲም ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ይዞ መጣ። በሦስተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ የነገሠው እንዱቢስ ባሳተመው የወርቅ ሳንቲም ላይ የንጉሡን ምስል ከግራና ከቀኝ ሁለት የእህል ዛላዎች አቅፈውታል። ያ ሳንቲም ክብደቱ 3 ግራም አይሞላም! በዚያች ታናሽ ክብ ላይ ንጉሥ፣ ጽሑፍና እሸት ያሰፈረ ሰው እዚሁ አገር ነበረ። በኋላ ደግሞ የብርና የመዳብ ሳንቲሞቻቸውን አንዳንድ ቦታ ብቻ መርጠው ወርቅ ያለብሱ ነበር። አንጥረኛው ፎቶውን በማጉያ መነፅር አየና «ስንዴ ነው የሚል አለ፣ ገብስ ነው የሚል አለ። እኔ ገብስ ነው የምለው፤ ፀጉሩን እዩት» ብሎ እርሳስ አነሳ። እዚያው ፊታችን ሁለት ዛላ ገብስ ከጣት ሥር ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው፣ አንድ ፈርጥ ሲያቅፉ ሣለልን። እኔ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ፈርጡስ? አልማዝ ጠብቃችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ተለያየን። ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ካለው ገደል በ2000 ዓ.ም. መገኘቱ የተሰማው ኦፓል ነው የተመረጠው። ከነጭ ወረቀት ላይ አንዱን አንስቶ መብራቱ ሥር ሲያዞረው አረንጓዴው ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ወደ ሰማያዊ ሮጠ። ውስጡ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች በረድፍ ተደርድረው ነው ብርሃኑን እንደዚያ የሚከፋፍሉት። ከዚያ ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ድንጋዩን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለው። ኦፓሉ ውሃውን ጠጣ፣ ጠጣና እንደ መስታወት ጠራ፤ ቀለሙ ድራሹ ጠፋ። ልቤ ቀጥ አለ። እሱ ይስቃል! የወሎ ኦፓል ፀባዩ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በሌላ ቀን ስንመጣ ያው ድንጋይ ከነሙሉ እሳቱ ጠበቀን። ይህን ያሳየን ድንጋዩን ሊያሞግስ ሳይሆን ሊያስጠነቅቀን ነው። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ሽቶም፣ ዘይትም፣ እርድም ይጠጣል። «ፀጉርሽን ቅቤ ስትቀቢ አውልቂው፤ ወጥ ስትሠሪ አውልቂው» አለኝ። የትኛው የወርቅ ቤት ሻጭ ነው ሊሸጥ ያሰበውን ዕቃ ጉድለት አስቀድሞ የሚነግር?

በዚያ ላይ ኦፓል ለስላሳ ነው። በጥንካሬ መለኪያው አልማዝ 10፣ ሰንፔር 9 ሲሆኑ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ቢደርስ ነው፤ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ እንኳ 7 ስለሆነ ይጭረዋል። ሁልጊዜ ከእጄ የማይወርድ ቀለበት ከፈለግሁ የትግራይ ሰንፔር ወይም የሻኪሶ ኤመራልድ እንደሚሻል ነገረን። እኛ ግን ኦፓሉን ሙጭጭ አልን። እሺ አለና ንድፉን ቀየረው፤ ድንጋዩን በቀጫጭን ጥፍሮች ከፍ አድርጎ በመያዝ ፈንታ ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን በወርቅ ግድግዳ ሊከበው፣ የገብሶቹን አናት ደግሞ ከግድግዳው ጥቂት ከፍ ሊያደርገው። እጄ ግድግዳ ቢመታ መጀመሪያ የሚነካው ገብሱ ነው። ጌጡ ዘብ ሆነ ማለት ነው! እኔ እንዲህ ዓይነት ብልሃት ስሰማ እብድ ነው የምሆነው።

ወርቁ የእናቴ ነው፤ ከጅዳ የመጣ፣ የተበጠሰ የእጅ አምባር። ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈገፈገው፣ አሲድ ጠብ አደረገበትና 21 ካራት መሆኑን አረጋገጠ። 21 ለዕለት ቀለበት ይለሰልሳል፤ የገብሱ ፀጉር ቶሎ ይሟሽሻል። ስለዚህ 6 ግራሙን በ1 ግራም ብርና መዳብ አቅልጦ 7 ግራም የ18 ካራት ወርቅ አደረገው። መዳቡን ጨመር ስላደረገ ወርቁ ትንሽ ቀላ፤ ከኦፓሉ ጋር ሲታይ አቤት ማማሩ! ሚዛኑን ሁሉ እኛው እያየን፣ ቁጥሩን እኛው እየጻፍን ነው።

ከዚያ ሰም መጣ። ቀለበቱን በሙሉ፣ እያንዳንዷን የገብስ ፍሬ ሳይቀር፣ ከጠንካራ አረንጓዴ ሰም በመርፌና በጥቃቅን ሞረድ ጠርቦ አወጣው። (የቅኔ ሰዎች እዚህ ላይ ፈገግ ይበሉ፤ እኔ ስለ ቀለበቴ ነው የማወራው።) ጣቴ ላይ አጠለቅሁት። ላባ ነው! 0.3 ግራም። ሰውየው በ15 አባዛና «ወርቁ 4.5 ግራም ገደማ ይወጣዋል» አለ፤ የ18 ካራት ወርቅ ከሰም ያን ያህል ይከብዳላ። አንዱ ገብስ ወፈር ያለ መስሎኝ ስናገር ጫፉን በመርፌ ነካ አድርጎ አስተካከለው። ወርቅ ከሆነ በኋላ ይህን ማን ያደርግልኛል?

ሰሙን የብረት ቱቦ ውስጥ አቁሞ ጄሶ አፈሰሰበት። ጄሶው ሲደርቅ ምድጃ ገባ፤ ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሲያልፍ ሰሙ ቀልጦና ነድዶ አለቀ፣ ቅርፁ ብቻ ባዶ ሆኖ ቀረ። ወርቁ ቀልጦ እንደ ዓይን መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚሽከረከረውን ማሽን ለቀቀው፤ ወርቁ በፍጥነት ተወርውሮ ወደ ባዶው ገባ። የጋለው ጄሶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ተንጫጭቶ ፈረሰና ከታች ጥቁር፣ ሻካራ፣ ጭራ ያለው ነገር ወጣ። አስቀያሚ! እኔ ግን ጮህኩ፤ ምክንያቱም ገብሱ አለ፣ ፀጉሩ አለ። ጭራው ተቆርጦ የተረፈው ወርቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ለእናቴ ተመለሰ። ሞረዱ፣ የአሸዋ ወረቀቱና ማጥሪያው ጊዜ ይወስዳሉ፤ ኦፓሉ ደግሞ እሳት ስለማይችል የሚገባው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የወርቁን ግድግዳ በለሰለሰ ብረት ዙሪያውን እየገፋ ድንጋዩ ላይ አስተኛው። ትንፋሽ አልተነፈስኩም።

ስለ ዋጋው ትጠይቁኛላችሁ። ወርቅ ይዞ ለሄደ የሚከፈለው የእጅ ሥራውና የፈርጡ ነው፤ ደህና ኦፓል ደግሞ መጠኑን ከሚያክል አልማዝ እጅግ ይረክሳል። ወርቅ የሌለው በግራም ይገዛል፣ ሌላው ያው ነው። ፎቶ፣ የጥልፍ ቁራጭ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያያችሁት ሐረግ፣ ያላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጃችሁን ብትሄዱም እጃችሁን ያያል። ብቻ «ለፊታችን ቅዳሜ» አትበሉት። ለጥር ሰርግ የምታስቡ በጥቅምት ብትሄዱ ይሻላል፤ እህቴ ወረፋ ይዛለች፣ ሁለቱ ጓደኞቼም እንደዚሁ። እናቴ ደግሞ ያንን ትራፊ ወርቅ ቋጥራ «ለእኔም ትንሽ ገብስ አይሠራልኝም?» ትላለች።