ዛፎች በፊደል ተራ

አጎቴ ባለፈው ክረምት ደውሎ፣ «ቡናው መሀል ያሉትን ሦስቱን ዋንዛዎች ላስቆርጣቸው ነው፤ ነጋዴ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶኛል። አንቺ የተማርሽው፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ቤቱ ዲላ አጠገብ ነው። እኔ አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ በሕይወቴ ያጸደቅኩት ተክል ቢኖር በረንዳዬ ላይ ያለው ጤና አዳም ብቻ ነው። የተማርሽው ከተባልኩ እስቲ ልማር ብዬ፣ ስልኬ ውስጥ ለወራት ሳይከፈት የቆየ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከፈትኩ።

«የፓስፊክ ደሴቶች ባህላዊ ዛፎች» ይባላል። አዘጋጁ ክሬግ ኤሌቪች ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ ታተመ። 80 ያህል ዛፎችን አንድ በአንድ ያነሳል፦ ከየት እንደመጣ፣ ምን ዓይነት አፈር እንደሚወድ፣ እንዴት እንደሚባዛ፣ ለምን እንደሚውል። ዓላማው ዛፍንና ሰብልን በአንድ ማሳ አብሮ ማኖር፣ አግሮፎረስትሪ የሚሉትን፣ ለደሴት ገበሬ ማስተማር ነው። የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን አመጣው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ እንደ ልብ ወለድ ነው ያነበብኩት፤ እንደ ልብ ወለድም ልተቸው ነው።

መጀመሪያ የወደድኩትን። መጽሐፉ ስለ እያንዳንዱ ዛፍ ሲጽፍ ጉድለቱንም ይጽፋል። ይሄኛው ወራሪ ሊሆን ይችላል፣ ያኛው ተባይ ያስጠጋል፣ ይላል። ዛፍ ትከሉ የሚል ጽሑፍ በብዛት አንብቤያለሁ፤ የዛፍን ነውር የሚያወራ ግን እምብዛም አልገጠመኝም። ሃዋይ ይህን በመከራ ነው የተማረችው። በ1917 ለደን ልማት ተብሎ ቶሎ የሚያድግ አልቢዚያ የሚሉት ዛፍ ገባ። ቶሎ አደገ፣ ተስፋፋ። በ2014 ኢሴል የተባለው ማዕበል ሲመጣ እነዚያው ዛፎች ፑና በተባለው አካባቢ መንገድና የመብራት መስመር ላይ ተጋደሙ። ይህን ሰምቶ ባህር ዛፍ ትዝ የማይለው ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የቆየሁት የዳቦ ዛፍ ላይ ነው። ደሴተኞቹ የሚያሳድጉት አብዛኛው ዓይነት ዘር የለውም። ከሥሩ የሚወጣው ቡቃያ ተነቅሎ ካልተተከለ አይራባም። እንግዲህ አስቡት፦ ከደሴት ደሴት በታንኳ የሄደው እያንዳንዱ ዛፍ በሰው እጅ የተያዘ፣ እንደ ሕፃን የተጠበቀ ነው ማለት ነው። ሃዋዮች ደግሞ ኩ የሚባለው አምላክ በረሃብ ዘመን ቤተሰቡን ለማብላት ራሱን መሬት ውስጥ ቀብሮ የዳቦ ዛፍ ሆነ ብለው ይተርካሉ። የአረባቡን ጉዳይ ካነበብኩ በኋላ ተረቱ ተረት መሆኑ ቀረብኝ።

ከዚያ ኩ-ኡ የሚሉት ዛፍ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። የእኛ የዋንዛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ኮርዲያ ከሚባለው ወገን ናቸው። የእኛው ነጭ ያብባል፣ የእነሱ ብርቱካናማ። የእኛው በርና ወንበር ይሆናል፤ ከእነሱ እንጨት የምግብ ሳህን ይጠረብ ነበር፣ የምግቡን ጣዕም ስለማይለውጥ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የእሳት እራት ቅጠሉን እየበላ ከሃዋይ ሊያጠፋው ምንም አልቀረው። ለአጎቴ በቴሌግራም ድምፅ ላኩለት፦ «የዋንዛህን ዘመድ አገኘሁልህ!» «እሱንም ነጋዴ ጠይቆታል?» አለኝ።

አሁን ቅሬታዬ። መጽሐፉ ዛፎቹን በላቲን ስማቸው ፊደል ተራ ነው የደረደራቸው። አንድ ነገር ለመፈለግ ይመቻል፣ አልክድም። ግን ትምህርቱ ስለ ጉርብትና ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ዛፍ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት በሩ ተዘግቷል። አብረውት የሚበቅሉት በዝርዝር ይጠቀሳሉ፤ በዝርዝር ግን ጉርብትና አይታይም። ኮና በተባለው ተዳፋት ላይ፣ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት፣ የዳቦ ዛፍ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ከሥሩ ስኳር ድንችና ልብስ የሚሠራበት ቅርፊት ያለው ተክል ይለማ ነበር። ማን ማንን አስጠለለ? ጥላው ሲበዛ የትኛው ቀድሞ ተቆረጠ? ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ አሉ፤ ታሪኩ ግን የለም።

ሌላው ደግሞ መሬት ነው። በ1848 የሃዋይ መሬት በግል ይዞታ መከፋፈል ሲጀምር ብዙው ተራ ሰው እጁ ባዶ ቀረ፤ ከዚያ የሸንኮራ እርሻው ተስፋፋ። ማሳ የሌለው ሰው ችግኝ የት ይተክላል? እዚህ ላይ ነው ገጣሚው ደብሊው ኤስ መርዊን ትዝ ያለኝ። በ1977 ማዊ ደሴት ላይ በአናናስ እርሻ የተራቆተ መሬት ገዛ። መጀመሪያ አገር በቀል ዛፎች ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ እስኪያረጅ ዘንባባ ተከለ፤ 400 ከሚበልጡ ዓይነቶች ጫካ አበጀ። ስለዚያ ቦታ የጻፋቸው የአትክልት ወጎች ኤሌቪች ያልሰጠኝን ሰጥተውኛል፤ ጊዜን፣ ዝናብን፣ የአንድን ሰው ወገብ። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ መርዊን ከዘንባባው የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አልጠበቀም። አድናቆቴ እዚያ ላይ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ኤሌቪች ቢያንስ ገበሬው እንደሚበላ ያውቃል።

ለአጎቴ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት። ቡና ኮና የገባው በ1828 እንደሆነ፣ ዛሬ አብዛኛው ያለ ዛፍ ጥላ እንደሚለማ፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ራሱ እንደሚያጠላለት። ሳቀ። «እኛ ጋ ደመና ቀጠሮ አያከብርም» አለ። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ ዋንዛው ከወደቀ ቡናው ፀሐይ እንደሚበላው፣ ንቡም እንደሚሄድ አባቴ ነግሮኛል። መጽሐፍሽ የቤቱን ቆርቆሮ በምን እንደምገዛ ይላል?»

አይልም። ሁለት ዋንዛ ቆሟል። ሦስተኛውን ስሄድ አሳይሻለሁ ብሎኛል፤ ጉቶውን ይሁን ዛፉን አልነገረኝም።