ዋጋው የማይወድቅ በቆሎ

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ መጽሐፍ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ጌም ልጽፍ ነው። «መምህር ሆኖ ስለ ጌም?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ከሁለት ወር በፊት ቢሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ሐርጌሳ፣ 31 ሜይ ሰፈር በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ተማሪዬ ከዴስክ ሥር አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር ሲነካካ አየሁትና ቀማሁት። የቆየ ጌም ቦይ አድቫንስ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶት፣ ያኛው ሲሰለቸው ለዚህኛው አቀበለው። ተኩስና ግድያ ይሆናል ብዬ ገልጬ ሳየው አንድ ባርኔጣ ያደረገ ትንሽ ሰውዬ ድንች ውኃ ያጠጣል። ተኩስ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምል አውቅ ነበር። ድንች የሚያጠጣን ልጅ ግን ምን ብዬ ልቆጣው? ማታ ቤት ወስጄ ልየው ብዬ ጀመርኩት። እውነቱን ለመናገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ቁጭ አልኩ።

ጌሙ «ሃርቨስት ሙን፦ ፍሬንድስ ኦቭ ሚነራል ታውን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣ የጃፓኖች ሥራ ነው። የተከታታዩ የመጀመሪያ ጌም የወጣው በ1996 ሲሆን ያሰበው ሰው ያሱሂሮ ዋዳ ይባላል። ዋዳ ገጠር አድጎ ቶኪዮ ለሥራ የገባ ሰው ነው። ከተማው ውስጥ ሆኖ ያደገበት ገጠር ሲናፍቀው፣ ሰው የማይገደልበት፣ የሚታረስበትና ከጎረቤት ጋር የሚኖርበት ጌም ልሥራ አለ። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ጌሙ የናፍቆት ሥራ ነው፤ ሆኖም በገዛ ፈቃዱ ከአገር ቤት የወጣና ሲፈልግ ባቡር ተሳፍሮ የሚመለስ ሰው ናፍቆት ነው። የእኛ ናፍቆት ከዚህ ጋር የት እንደሚገጥምና የት እንደሚለያይ ነው ማየት የፈለግሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ልጅ ሳለህ አንድ ሽማግሌ እርሻ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆይተህ ነበር። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ትጻጻፋላችሁ። አንድ ቀን ደብዳቤው ይቆማል። ምን ሆኖ ነው ብለህ ስትሄድ ሽማግሌው ሞቷል፤ የከተማው ከንቲባም እርሻውን ለአንተ ትቶልሃል ይልሃል። መሬቱን ዳዋ ወርሶታል። ሣር፣ ድንጋይና ግንድ ነው። ይሄ ቦታ ላይ ስደርስ ጌሙን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ዳዋ እንጂ ሌላ ሰው አልወረሰውም እኮ! ለዓመታት የራቀ ሰው ተመልሶ ሲመጣ መሬቱ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ በሆነበት አገር ያደገ ሰው፣ መሬት የሚባለው ነገር ትተኸው ስትሄድ ወዲያው ወደ ሌላ እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል። ጌሙ ይህን አላሰበውም፤ ለማሰብም ምክንያት አልነበረውም። ተማሪዎቼ ግን አሰቡት። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ድንች አልነበረም። «ቲቸር፣ ማንም አልቀማውም?» የሚል ነበር።

አሁን ወደ አጨዋወቱ ልግባ። ዓመቱ አራት ወቅት አለው፤ እያንዳንዱ ሠላሳ ቀን ነው። ስለዚህ ዓመት ማለት 120 ቀን ነው። ስትጀምር 500 ጂ የሚባል የጌሙ ገንዘብ አለህ። አንድ ከረጢት የድንች ዘር በ150 ትገዛለህ፣ በዶማ ትቆፍራለህ፣ ትዘራለህ፣ በየቀኑ ውኃ ታጠጣለህ፤ በሳምንት ገደማ ይደርሳል። ሳጥን ውስጥ ትከታለህ፣ ዛክ የሚባል ጠንካራ ሰውዬ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስድልሃል። ከልክ በላይ ከሠራህ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ወቅቱ ሲለወጥ ደግሞ በማሳ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይደርቃል። ተማሪዬ በጸደይ በሃያ ሰባተኛው ቀን ድንች ዘርቶ ሦስት ቀን ውኃ ካጠጣ በኋላ በአራተኛው ጠዋት ሁሉም ደርቆ አገኘው። «ጌሙ ተበላሽቷል» ብሎ ይዞልኝ መጣ። አልተበላሸም፤ አንተ ነህ የዘገየኸው አልኩት።

የጌሙ ትልቁ ጥበብ ሰዓቱ ይመስለኛል። ውጭ ስትሆን ይሮጣል፣ ቤት ስትገባ ይቆማል። ሱቅ ውስጥ የፈለግኸውን ያህል ብትቆም፣ ከሰው ጋር ብትጨዋወት፣ አንዲት ደቂቃ አትሄድም። (እኛ ደግሞ ቤት ቁጭ ብለን ስልክ የምንጠብቅ ሰዎች ሰዓቱ እንደማይቆም በሚገባ እናውቃለን።) ስለዚህ ልጁ ሳያውቀው ማሰብን ከመሥራት ይለያል። ቤት ገብቶ ያቅዳል፣ ወጥቶ ይሮጣል። በክፍል ውስጥ ስለ ዕቅድ አንድ ሴሚስተር ያስተማርኩት ይህን ያህል አልገባም።

ስለ ወቅቶቹ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ መምህራን ይጠቅማል። መዝገበ ቃላታችን «ዊንተር» የሚለውን «ክረምት» ይለዋል። ተማሪው ዊንተር ሲመጣ ዝናብ ይዘንባል፣ እርሻው ይለመልማል ብሎ ዘሩን ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሞ ጠበቀ። የመጣው በረዶ ነው። በዚያ ወቅት ማሳ ላይ ምንም አይበቅልም። ለእኛ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና ቡቃያ ነው፤ ለእነሱ የሞተ መሬት ነው። ቃሉን እንዴት እንደማስረዳቸው ሳስብ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ዊንተር ማለት ጂላል ነው» አለች። ልክ ናት! ሶማሌዎቹ ዓመቱን ጉ፣ ሀጋ፣ ዴርና ጂላል ብለው ይከፍሉታል፤ ጂላል ደረቁና ሣር የሚጠፋበት ጊዜ ነው። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጅ ከእኔ መዝገበ ቃላት የተሻለ ትርጉም ከሰፈሯ አመጣች። እኔ በአማርኛ ብቻ እየፈለግሁ ነበር።

አንድ ቀን የልጁ እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በትከሻው በኩል ወደ ስክሪኑ ተመለከቱ። ወሎ ውስጥ ገበሬ የነበሩ ሴት ናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩና «መምህር፣ በሬዎቹ የታሉ?» አሉኝ። እውነትም የሉም። ላም አለች፣ ትታለባለች፤ በግ አለ፣ ይሸለታል፤ ፈረስም አለ፣ ይጋለባል። የሚያርስ ግን የለም። ሞፈር የለም፣ ቀንበር የለም። ሰውየው ያን ሁሉ መሬት በዶማ ይቆፍራል። «ፈረሱን አቁሞ እሱ ይቆፍራል? ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ልጃቸውን ሞፈርና ቀንበር እንዴት እንደሚያያዙ በእጃቸው እያሳዩ ወሰዱት። ልጁ ቃላቱን ከዚያ በፊት ሰምቷቸው አያውቅም ነበር።

ሌላው የጎደለው ደቦ ነው። መንደሩ ጥሩ መንደር ነው፤ ሰዎቹ ስም አላቸው፣ ልደት አላቸው፣ የሚወዱትና የሚጠሉት ስጦታ አላቸው፣ በዓል በዓል ላይ ይሰበሰባሉ። ይህ ክፍሉ ደስ ይላል። አዲስ አገር የገባ እንግዳ ቀስ በቀስ፣ ሰው በሰው እየተላመደ እንዴት የመንደሩ ሰው እንደሚሆን ከዚህ በላይ በትዕግሥት ያሳየ ጌም አላውቅም። ነገር ግን ሰብሉ ሲደርስ አንድም ጎረቤት ማጭድ ይዞ አይመጣም። የሚያግዙህ ሰባት ትንንሽ ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ፍጡራን ናቸው፤ እነሱንም በስጦታ ማባበል አለብህ። ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ የሚባለው ወንፈል የለም። ጠላና እንጀራ ቀርቦ፣ ዘፈን እየተዘፈነ የሚታጨድበት ቀን የለም። ዋዳ ብቸኛ የከተማ ሰው ነበርና የናፈቀው ሰላምታና በዓል ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ሥራውን አብሮ መሥራት አልታየውም።

ይሁን እንጂ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀላል ነው። ጌሙ የሚዋሸው ትልቁ ውሸት ዋጋ ላይ ነው። በሚነራል ታውን በቆሎ መቶ ጂ ነው። ዛሬም መቶ ነው፣ ከአምስት ዓመት በኋላም መቶ ነው፤ አንድ ብትሸጥም መቶ፣ ሺህ ብትሸጥም መቶ። አትክልት የሚሸጥ ሌላ ገበሬ በመንደሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጠንክረህ ከሠራህ ትከብራለህ፤ ካልከበርህ ሰነፍ ነህ።

እኔ የበቆሎ አገር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ጎጃም፣ ቡሬ አካባቢ ነው። አባቴ በዱቤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወስዶ ዘራ። በ1993 ዓ.ም. ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ምርቱ በአገሪቱ ሁሉ ተትረፈረፈ። እናም ዋጋው ወደቀ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የበቆሎ ዋጋ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም፤ አንዳንዱ ገበሬ የሚያሳጭድበት ዋጋ እንኳ ከሚሸጥበት ስለበለጠ ማሳው ላይ ተወው። ዱቤው ግን አልወደቀም። አባቴ አንዱን በሬ ሸጠ። እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በሬው ወደ ገበያ ሲነዳ ከኋላው ሄጄአለሁ። በቀጣዩ ክረምት ብዙዎች ማዳበሪያ አልወሰዱም፣ የዘሩትም አነሰ። በዚያ ላይ ዝናቡ ጠፋ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ምርት ስለተትረፈረፈ የከሰረ ገበሬ፣ ዓመት ሳይሞላው ምርት አጥቶ ተራበ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የእርሻ ኢኮኖሚክስ የመረጥኩት ይህ ነገር ስላልገባኝ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ተቋረጠ፤ እስከዚያ ድረስ ያስተማሩኝ ግን በቂ ነበር።

«ጌም እኮ ነው፣ መዝናኛ ነው» የሚለኝ ባልደረባ አለ። እቀበላለሁ። ዋዳን ስለ ዱቤ ለምን አልጻፍክም ብዬ አልከሰውም። ነገር ግን ተማሪዎቻችን እርሻን የሚያውቁት ከዚህ ብቻ ከሆነ፣ አያቶቻቸው ለምን ድሃ እንደሆኑ የሚያገኙት መልስ አንድ ነው፦ አልሠሩም። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በ2016 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ሃርቨስት ሙንን ወድዶ ብቻውን የሠራው «ስታርዲው ቫሊ» እንኳ፣ አሁን በስልክም የሚጫወቱት፣ በዚህ ረገድ ያው ነው። ፓርስኒፑን ሺህ ጊዜ ብትሸጠው ገበያው አይጠግብም። ዋሂን ገበያ ሄዳችሁ ከወጃሌ መኪና በገባበትና ባልገባበት ቀን የቲማቲምን ዋጋ ጠይቁ።

ስለዚህ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ነገር አደረግን። መጀመሪያ ሒሳቡን ሠራን። የዘር ከረጢቱ ዘጠኝ ቦታ ይሸፍናል፤ ቡቃያው ካደገ በኋላ ግን መሐሉን ለማጠጣት መግቢያ ስለማይኖር አንዱን እንተወዋለን። ስምንት ድንች በ80 ሲሸጥ 640፣ የዘሩ 150 ሲቀነስ 490 ትርፍ። ዋጋው 40 ቢሆን ትርፉ 170። 15 ቢሆን ሠላሳ ኪሳራ። ከዚያ ስድስት ቁራጭ ወረቀት ላይ 120፣ 80፣ 80፣ 60፣ 40 እና 15 ብለን ጽፈን ባርኔጣ ውስጥ ከተትን። ዛክ በመጣ ቁጥር ዕጣ ይወጣል፤ ጌሙ የከፈለው ሳይሆን ዕጣው ያለው ነው በደብተር የሚመዘገበው። ዘሩም በዱቤ ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅ ይከፈላል።

በሦስተኛው ቀን 15 ወጣ። ተማሪዬ አሰበ፣ አሰበና «አልሸጥም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ዋጋው ሲወጣ እሸጣለሁ» አለ። ጎበዝ አልኩት። ወቅቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ነበር። ደብተሩን ገልጬ የዱቤውን ቀን አሳየሁት። «ቲቸር፣ ይሄ ጌሙ ላይ የለም!» ብሎ ጮኸ። የለም አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ላሟን መሸጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ።

በመጨረሻም ሴት ተማሪዎች ቅሬታ አላቸው፣ ልክም ናቸው፦ በዚህ ካሴት ውስጥ ገበሬው ወንድ ብቻ ነው። በሴት የሚጫወቱት ሌላ ካሴት በአሜሪካ የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2019 በጃፓን እንደገና በተሠራው ደግሞ ሁለቱም ምርጫ አለ። እኛ ያለን የመጀመሪያው ነው። የዕጣ ደብተሩን ግን አሁን የምትይዘው ጂላል ያለችው ልጅ ናት፤ ዕጣውን የምታወጣውም እሷ ስለሆነች ሁሉም ይፈራታል። በካምፑ ያላችሁ መምህራን ደብተሩን ማየት ከፈለጋችሁ ገልብጬ እልክላችኋለሁ። ጌም ቦዩ አንድ ብቻ ስለሆነ መላክ አልችልም፤ ያለ ጌሙም በወረቀት ብቻ መጫወት ይቻላል፣ መብራት በጠፋ ቀን ሞክረነዋል።